የውሰት ዓይን

«እማዬ፣ አባዬ ቤት እኮ አንቺ ግድግዳው ላይ አለሽ» አለች ሚጡ፣ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች። ከወንበሩ ጫፍ የተንጠለጠሉት እግሮቿ መወዛወዛቸውን አላቆሙም፤ ለእሷ ይህ ከዳቦው የሚበልጥ ወሬ አልነበረም። «ትልቅ ነሽ። ከሶፋው በላይ ነሽ። ፀጉርሽ ሰማያዊ ነው፣ ፊትሽ ደግሞ ግማሹ ሮዝ ግማሹ ብርቱካን ነው። ግን አንቺ ነሽ።» እናትየው ማንቆርቆሪያውን አንስታ ሻይ ልትደግም ነበር፤ እንደያዘችው ቀረች። አጎትየው ደግሞ የጎረሰው ዳቦ አፉ ውስጥ ደረቀ።  እህቱ ምን እንደሰማች ገና በቅጡ ሳይገባት፣ እሱ ነገሩን ከነሥሩ አውቆታል። ሰማያዊውንም ሮዙንም ብርቱካኑንም የመረጠው ራሱ ነዋ!

በዚህ ቤት የልጅቷ አባት ስም አይነሳም። ሰውየው ትዳሩን ትቶ ሌላ ካገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ የልጅቷ እናት በሁለት ክፍል ኪራይ ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ባስቀመጠችው የስፌት መኪና፣ የሰው ሱሪ እያሳጠረችና የሰው ቀሚስ እያሰፋች ልጇን ታሳድጋለች። ወንድሟም አብሯት አለ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያለችው ጠባብ አልጋ የእሱ ናት። ሚጡ አንዱን ሳምንት ዘልላ ቅዳሜ ወደ አባቷ ትሄዳለች፣ እሑድ ማታ ትመለሳለች። ስትመለስ እናቷ ምን እንደበላችና መቼ እንደተኛች ብቻ ትጠይቃታለች። ስለ ሰውየው፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ አዲሷ ሚስት ትንፍሽ አትልም። ዛሬ ግን ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ማን ነው የሰቀለኝ?»

«አባዬ ነዋ።»

«የአባትሽ ባለቤትስ ምን አለች?»

«እኔ እማዬ ናት ስል ሳመችኝ።»

 እህቱ ወንድሟን አየችው፤ እሱ ግን ፊቱን ሲኒው ውስጥ ደብቆ ያለቀውን ሻይ ይጠጣል። «ልጅ መቼም ያየውን ነው የሚያወራው» አለች ለማንም ሳትናገር። ሚጡን ለትምህርት ቤት ስታለብሳት፣ ፀጉሯን ስታበጥርላት፣ የምታንጎራጉር ትመስላለች። እሱ ጫማውን ሳያስር ወጣ። ደረጃው ላይ ቆሞ አሰረው።

የሚሠራበት ፎቶ ቤት ከመድኃኒት ቤትና ከሞባይል ጥገና መካከል የተሰነቀረ፣ ፊቱ መስታወት የሆነ ሱቅ ነው። ከፊት ጉርድ ፎቶ የሚነሳበት ነጭ መጋረጃ አለ፤ ከኋላ ትልቁ ፕሪንተር፣ የሸራ ጥቅልሎች፣ ከሁሉም ጀርባ ደግሞ የእሱ ኮምፒውተር። እዚህ ስሙ ቬክተር ነው። አለቃው በቀልድ አወጣለት፣ ሠፈሩም ተቀብሎ አጸደቀለት፤ አሁን አትክልት ሻጯ ሳትቀር «ቬክተር፣ ቲማቲም አትወስድም?» ትለዋለች። ስሙ የመጣው ከሥራው፣ ቬክተር ከሚባለው የኮምፒውተር አሳሳል ነው። አንድ ሰው ፎቶውን ይዞ ይመጣል፣ ከሁለት ቀን በኋላ በአራት በአምስት ደማቅ ቀለም ተቆራርጦ እንደገና የተገጣጠመ ፊቱን፣ ፖፕ አርት የሚሉትን፣ ሸራ ላይ አሳትሞ ይወስዳል። ለሚያየው አስማት ነው፣ ለሚሠራው ግን የወገብ ሕመም። ፎቶው ኮምፒውተሩ ላይ ይዘረጋና ከበላዩ ሌየር የሚሉት ባዶ ንጣፍ ይደረግለታል። ከዚያ ማውሱን ይዞ የጥላውን ዳር ነጥብ በነጥብ መዞር ነው፤ የጨለመው ለብቻ፣ መሀለኛው ለብቻ፣ ብርሃን ያረፈበት ለብቻ። ሶፍትዌሩ በአንድ ቁልፍ ራሱ የሚሠራበት መንገድም አለው፤ የሚያወጣው ፊት ግን ዝናብ የመታው ፖስተር ይመስላል። ፀጉር ቀላል ነው፣ ጉንጭም እንደዚያው። ሰውን ያንኑ ሰው የሚያደርገው ዓይንና አፍ ነው፤ ቀን የሚፈጀውም እሱ ነው።

ቬክተር ይህን ሥራ የተማረው የእህቱን ፊት እየሠራ ነው። አንድ ቀን መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ስትሰፋ ጠራት፤ ቀና አለች፤ በመስኮቱ ብርሃን አነሳት። ያንን ፎቶ ዓይኑ እስኪቀላ ሳምንት ሙሉ ተቀምጦ ሠራው። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ፎቶ ቤቱ የቀጠረውም በእሱ ነው። ታዲያ ሥራ መደራረብ ሲጀምር ብልጠት ቢጤ መጣለት። ያንን ፋይል ይከፍትና የእህቱን ዓይንና አፍ ገልብጦ አዲሱ ፊት ላይ ያስቀምጣል፤ ትንሽ ይለጥጠዋል፣ ትንሽ ያጋድለዋል፣ ቀለሙን ይለውጠዋል። ጥርስ ሐኪሟም፣ ሙሽሮቹም፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁ እናትም በእህቱ ዓይን እያዩ ከዚህ ሱቅ ወጥተዋል። አንድም ሰው ቅር ብሎት አያውቅም። እንዲያውም አምረው ስለሚወጡ ጎረቤታቸውን ይዘው ይመለሳሉ፤ አለቃውም «የቬክተር እጅ የተባረከ ነው» ይላል። የተባረከው እጅ ታዲያ ሲሰርቅ ነበር የሚውለው።

የልጅቷ አባት ባለፈው ወር ወደ ሱቁ ሲገባ ቬክተር ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሊደበቅ ቃጥቶት ነበር። ሰውየው ግን «የኔ ወንድም!» ብሎ አቀፈው፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። የሚስቱ ልደት ደርሷል፣ ፊቷን በዚህ በሚሠራው ዓይነት አሠርቶ ሳሎን ሊሰቅልላት ፈልጓል፣ ድንገተኛ ስጦታ ስለሆነ ወሬው እንዳይወጣ አደራ አለው። እምቢ ማለት ይቻል ነበር። «ጋሼ፣ ይሄን እንኳ ለሌላ ሰው ስጠው» ቢል ማን ይሰቅለዋል? ነገር ግን ይህ ሰው፣ ትዳሩ ሳይፈርስ፣ የመጀመሪያ ኮምፒውተሩን የገዛለት ሰው ነው። ስለዚህ እሺ አለ። እሺ ማለቱ እንኳ ይሁን፤ ሲታቀፍ ደስ አለው። እህቱን ያስለቀሰ ሰው ትከሻውን ሲመታው ጅራት ቢኖረው ይቆላው ነበር። ለእህቱ ያልነገራትም ከሁሉ በላይ ይህቺን ደስታውን እንዳታውቅበት ነው።

ሰውየው ከላካቸው ፎቶዎች የመጀመሪያው ጨለማ ነበር፤ ሴትየዋ እየሳቀች ዓይኗን ጨፍናለች። ቬክተር የቀሩትን ከፍቶ እንኳ አላያቸውም። ፊት ነጥብ በነጥብ ሲዞሩት ይታወቃል፤ ቀን ሙሉ የሰው ዓይን ሥር ሲርመሰመሱ ውለው ያንን ሰው መጥላት ያስቸግራል። ይህቺን ሴት ግን ማወቅ አልፈለገም። አገጯንና ፀጉሯን ከፎቶው ወሰደ፣ ዓይንና አፉን ከተለመደው ፋይል አመጣ፣ ቀለም ቀባ፣ አተመ፣ አስረከበ። ሲታተም አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አይቶት «ወይ ጉድ፣ እትዬን መሰለችብኝ» ብሎ ለብቻው ስቋል። አሁን ያ ሳቁ ሲታወሰው ፊቱ ጋለ።

በዚያው ጠዋት፣ ፎቶ ቤት ገብቶ ፋይሉን ከፍቶ ፈዞ ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ጮኸ። እህቱ ናት። በሥራ ሰዓት ደውላ አታውቅም።

«አላውቅም እንዳትለኝ። ያንተ እጅ ነው አይደል?»

«ምኑ?»

«ሰማያዊ ፀጉር ሌላ ማን ይሠራል በዚህ አገር! እሱ ነው ያሠራህ?»

እዚህ ላይ ነበር መናገር። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር፤ ትሰድበው ነበር፣ ይሰደብ ነበር፣ ያልቅ ነበር። «አዎ» አለ። «እሱ ነው ያሠራኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«እንዳትናገር ስላለኝ።»

ሁለቱም ቃል በቃል እውነት ነበሩ። እንዲህ ያለው እውነት ከውሸት እንደሚብስ ያኔውኑ ታወቀው፤ ቢሆንም ምላሱን አልመለሰውም። በስልኩ ውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ አይሰማም፤ ሥራ አቁማለች ማለት ነው።

«እንዳይመስልህ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቢለምነኝም አልመለስለትም። እሱ ድሮ አለቀ። ግን ለልጅቷ ብሎ እናቷን ሳሎኑ ውስጥ መስቀሉ... ያቺስ ሴት እሺ ማለቷ! እኔ እኮ ጠዋት ማታ ስረግማት ነው የኖርኩት። ዛሬ ማታ ሚጡን ይዤ እሄዳለሁ። አመሰግናቸዋለሁ፣ እመለሳለሁ፣ በቃ።»

«ዛሬ? ኧረ እትዬ፣ ዛሬ እንኳ ይቅር...»

«ወኔው እያለኝ ልሂድበት» አለችና ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ከሰማ ቆይቷል።

ስልኩን ዘጋ። የታየው እህቱ ያን በር አንኳኩታ ስትገባ ነው፤ ልብሷን ለውጣ፣ ልጇን በእጇ ይዛ፣ «ስለ ሥዕሉ ላመሰግናችሁ ብዬ ነው» ስትል፤ ባልና ሚስቱ ሲተያዩ፤ ከዚያ አንዳቸው «የቱ ሥዕል?» ሲል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እውነቱን የሚናገር ወኔ ስላልነበረው እንደ ልማዱ ወደ ማውሱ ዞረ። ሥዕሉን እንደገና ሠርቶ፣ አሳትሞ፣ እሷ ሳትደርስ ቀይሮ መመለስ። ከዚያ በኋላ የሚላትን ነገር መንገድ ላይ ያስብበታል።

የቀሩትን ፎቶዎች ዛሬ ከፈታቸው። አንደኛው ጥርት ያለ ነው። ሌየሩን ዘረጋና ጀመረ። የሴትየዋ ግራ ዓይን ከቀኙ ዝቅ ይላል። ስትስቅ በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ ሌላው የከንፈሯ ጥግ ይሳቅ ወይስ አይሳቅ ብሎ የቀረ ይመስላል። ግንባሯ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። ቤት ውስጥ በዝምታ ሲያሟት የኖሩት ባል ነጣቂ እዚህ የለችም፤ ያለችው፣ ሰው ይወደኝ ይሆን ብላ የምትጨነቅ፣ ዕድሜዋ ከእሱ ብዙም የማይርቅ ሴት ናት። ነጥብ በጨመረ ቁጥር የባሰ አፈረ። ምሳ አልወጣም።

አለቃው ፕሪንተሩ ሲነሳ ሰምቶ መጣ። «ይሄ ያስረከብነው ሥራ አይደለም እንዴ?»

«ስህተት ነበረበት።»

«ደንበኛው ቅሬታ አቀረበ?»

«አላቀረበም።»

«ታዲያ አንተ ምን ቤት ነህ? ሸራው ከደመወዝህ ነው የሚቆረጠው፣ ነግሬሃለሁ» ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። በዚህ ሱቅ ታሪክ ስህተቱን ራሱ ያገኘ ሠራተኛ ገጥሞት አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ የሰውየውን ቤት በር የከፈተችለት ሚስቱ ራሷ ናት፤ እጇ እርጥብ ነው፣ የቤት ጫማ አድርጋለች። ዓይኗን ሲያይ ግራው ዝቅ ማለቱን ሳያስበው ፈለገ፣ አገኘውም። የማን ወንድም እንደሆነ አታውቅም፤ ሰላም ተባብለው አያውቁም። «ከፎቶ ቤት ነው» አለ። «የሥዕሉ ቀለም ይለቃል ተብሎ ቀይረን ልንሰጥ ነው። በነፃ ነው።» ውሸቱ እንዴት ሰተት ብሎ እንደወጣ ራሱን ገረመው። ገባ። ንጹሕ፣ ዕቃ ያልበዛበት ሳሎን ነው፤ ጥግ ላይ የሚጡ የቤት ጫማ ጎን ለጎን ተደርድሮ ተቀምጧል። ከሶፋው በላይ እህቱ፣ ያቺ ከስፌት መኪናዋ ቀና ያለችው እህቱ፣ በሰማያዊ ፀጉር ሥር ሆና ቁልቁል አየችው። ልጇ ካላወቀቻት ማን ሊያውቃት!

«ኧረ ምንም አልሆነም እኮ፤ እንዴት እንደወደድኩት!» አለች ሴትየዋ። ቢሆንም ሶፋው ላይ ወጥታ ራሷ አወረደችው፣ አዲሱን ሰቀለችው፣ ወርዳ ራቅ ብላ አየችው። ብዙ አየችው። «ይሄኛው እኔን ነው» አለች ቀስ ብላ። «ያኛው ግን... ምን ላድርግ፣ አምሬበት ነበር።» በአንድ በኩል ሳቀች። «ልጅቷ ስትመጣ ታዝናለች። የባለቤቴ ልጅ ናት። አንድም ቀን ስም ጠርታኝ አታውቅም፤ አንቺ ብቻ ነው የምትለኝ። ቅዳሜ ገና ስትገባ ይሄን አየችና በጣቷ እያሳየች እማዬ ናት አለች፤ እኔን እኮ ነው። ያን ቀን ማታ አልቅሻለሁ፣ እንዳይስቁብኝ እንጂ።»

ቬክተር አሮጌውን ሥዕል አነሳ። አንዲት ሴት ከተማው ዳር ተደስታለች፣ አንዲት ሴት እዚህ ተደስታለች፤ ሁለቱንም ያስደሰተው የእሱ ስንፍና ነው። ለዚህችኛዋ እውነቱን መናገር ልጅቷን ከእቅፏ መንጠቅ ሆነበት፤ እህቱን ለማዳን የመጣ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ መውጣት አቃተው። «ባለቤትዎስ...» አለ። «ባለቤትዎ ሲያዩት ምን አሉ?»

«እሱማ! ቁርጥ አንቺን ነው ያለው። እራት ከበላን በኋላ እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጥና ያየዋል፤ ደጋግሞ ቁርጥ አንቺን ይላል።»

አሮጌውን ሥዕል በጋዜጣ ጠቅልሎ ወጣ። አውቶቡሱ ሞልቷል፤ ሸራውን ከሰው ጀርባ እያሸሸ፣ ይቅርታ እያለ፣ ቆሞ ሄደ። የሚላትን ነገር አሰበ፣ ሌላ አሰበ፣ ሁሉም የሚያስኬደው ሚጡ እንደገና አባቷ ጋ እስከምትሄድበት ቅዳሜ ብቻ ነው። አንድ ፌርማታ ሲቀረው ወርዶ በእግሩ ቢሄድ ሳይሻለው አልቀረም፤ ወረደ። ያ እግር ግን ያለወትሮው ፈጥኖ ቤት አደረሰው።

እህቱ ለብሳ ጨርሳለች። ለሰው ሠርግ ብላ የሰፋችውን፣ የሠርጉ ባለቤት ሳትወስደው የቀረውን ቀሚስ አድርጋለች፤ ከንፈሯን ቀብታለች፣ ጉትቻ አድርጋለች። ሚጡ ጫማዋ ተወልውሎ አልጋው ጫፍ ላይ እንዳትቆሽሽ ተቀምጣለች። «ደረስክልን፤ አብረኸን ትሄዳለህ» ብላ ሳትጨርስ የያዘውን አየች። ጋዜጣው አንድ ጥግ ላይ ተቀዷል፣ ሰማያዊ ይታያል። ሄዳ በእጇ ገፈፈችው። ሥዕሉን በዓይኗ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው፤ የራሷን ፊት መስታወት ውስጥ እንደምታይ ሰው ሳታስበው ፀጉሯን ነካች።

«አወረደኝ?» አለች።

«እኔ ነኝ ያወረድኩት።» አንገቱን ደፋ። «አንቺ አይደለሽም እትዬ። እሷ ናት። ለልደቷ ያሠራላት ነው። ዓይኑና አፉ ብቻ ነው ያንቺ። ሰንፌ ነው... ሁልጊዜ ያንቺን ነው የማደርገው። ቀን የነገርኩሽ ውሸት ነው።»

እህቱ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። እሱ ስድብ ጠበቀ፤ ብትሰድበው፣ ብትጮኽበት፣ ከቤቴ ውጣ ብትለው እፎይ ባለ። እሷ ግን ሥዕሉን ነው የምታየው።

«ሁልጊዜ ማለት ለስንት ሰው?»

«አላውቅም። ብዙ ነው።»

«በስንቱ ሰው ሳሎን ተሰቅያለሁ በለኛ» አለች። ልትስቅ ነበር፣ ግማሽ ላይ ተወችው። ዓይኗን ከሥዕሉ ሳትነቅል ጠየቀችው። «እሱስ? ሲያየው ምን አለ?»

ቬክተር አፉን ከፈተ። ዝም አለ ቢላት፣ ትንሽ ደንገጥ አለ ቢላት፣ ታምነዋለች፤ ያችን ብቻ ይዛ ልታድር ትችላለች። ቀን ግን በአንዲት «አዎ» ይህን ቀሚስ ያስለበሳት እሱ ነው። «ቁርጥ አንቺን አላት» አለ።

«ለሷ?»

«ለሷ።»

«ይሄን ሁሉ ቀን እያየው?»

«አዎ። እራት ከበላ በኋላ እየተቀመጠ ያየዋል አለችኝ።»

 በእህቱ ፊት ላይ የነበረው ነገር ሁሉ፣ የቀባችው ሳይቀር፣ ቦታውን ለቀቀ። «ስምንት ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ በልቷል» አለች በመጨረሻ። «ዓይኔን አላወቀውም።» ሚጡ «አንሄድም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። «አንሄድም፤ ጫማሽን አውልቂ» አለቻትና ጉትቻዋን ልትፈታ እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደች፤ አልፈታ ብሎ ትታገለዋለች። ቬክተር ሊረዳት አልደፈረም። ሥዕሉን ከመሀል ቤት ማንሳት ፈለገ፤ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ያለው ቦታ አንዱ ግድግዳ ብቻ ነው፣ የሚቀመጠውም እንዳይታያት ፊቱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነው። እህቱ እያየችው እንዴት አድርጎ ያዙራት? ሸራውን እንደያዘ መሀል ቤት ቆመ።